ባሌ «ክሪፕቶ የጋራ ንብረት አይደለም» ይለኛል፤ በፍቺ ጊዜ እንዴት ነው የሚታየው?

ባለሱቋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁም ኮይን የምታውቁም እርዱኝ።

ከባለቤቴ ጋር ልንፋታ ነው። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፣ አልሆነም። በቤቱና በሱቁ ብዙ አልተጣላንም፤ እኩል እንካፈል ብሏል። ጭቅጭቁ ስልኩ ውስጥ ባለው ዲጂታል ገንዘብ፣ ክሪፕቶ ወይም ኮይን በሚሉት ነው። ቢትኮይን አለው፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘው ዩኤስዲቲም አለው። መግዛት የጀመረው በ2013 ነው፣ ከተጋባን በኋላ። መጀመሪያ የገዛበት ብር ደግሞ የኔ ዕቁብ ነው። ዕጣው ሲወጣልኝ ከኔ አካውንት ወደ እሱ አካውንት አስተላለፍኩለት። ያኔ «ለልጆቹ ይሆናል» ብሎኝ ነበር።

አሁን የሚለው ሌላ ነው። «ክሪፕቶ በኢትዮጵያ ሕግ አይታወቅም፣ ብሔራዊ ባንክም ከልክሎታል፣ ደግሞ በኔ ስም ነው ያለው፣ ፍርድ ቤት ምን አግብቶት ያካፍለዋል» ይለኛል። ከሽማግሌዎቹም አንዱ «የማይጨበጥ ነገር እንዴት ይካፈላል» ብለው ከሱ ጋር ቆሙ። እውነት ነው እንዴ? ምን ያህል እንዳለው እንኳ በቅጡ አላውቅም።

የመንዝ ልጅ (መሐል ሜዳ)

እህቴ፣ መጀመሪያ አይዞሽ። ሽማግሌዎቹን ግን በአንድ ቃል አትተያቸው። እኛ ጋ አንድ ዘመዴ በዚሁ ጉዳይ ተጣልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አልገባቸውም። በኋላ አንድ የሚያውቅ ልጅ ጠርተው በወረቀት ላይ ይህን ያህል ኮይን፣ ዛሬ በብር ይህን ያህል ብሎ ሲያሳያቸው ወዲያው ነው የገባቸው። ገንዘብ መሆኑን ካዩ ማካፈል ያውቃሉ። ቁጥር ይዘሽ ሂጂ።

ጠበቃ ዘሸዋ (ደብረ ብርሃን)

ባለሱቋ፣ ባለቤትሽ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አደባልቆ ነው የነገረሽ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታግሰሽ አንብቢኝ።

ከብሔራዊ ባንክ ልጀምር። ባንኩ በ2014 ያወጣው ማስጠንቀቂያ ስለ ክፍያ ነው። የአገሪቱ መገበያያ ብር ነው፣ በቢትኮይንና በመሳሰሉት ክፍያ መፈጸም አልተፈቀደም ነው ያለው። ስለ ክፍያ የተነገረ ክልከላ ግን «በባል ስልክ ያለው የባል ብቻ ነው» ማለት አይደለም። እንዲያ ከሆነማ እሱስ በምን ሕግ ነው የኔ ነው የሚለው? ለአንቺ ንብረት ካልሆነ ለሱም ንብረት አይደለም። ይህን ጥያቄ ፍርድ ቤት ላይ በግልጽ አንሺው፣ መልስ የለውም።

«የማይጨበጥ ነገር» የሚለውም አያስኬድም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1129 ላይ የኤሌክትሪክ ኃይልን የመሰለ የኢኮኖሚ ዋጋ ያለው የተፈጥሮ ኃይል፣ ሰው ከተቆጣጠረውና ለአገልግሎቱ ካዋለው፣ እንደ ግዙፍ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጠራል ይላል። መብራት ማን ጨብጦ ያውቃል? ሕግ አውጪው ከስድሳ ዓመት በፊት የተመለከተው ዋጋውንና በሰው ቁጥጥር ሥር መሆኑን ነው። ኮይን የተፈጥሮ ኃይል አይደለም፣ እሱ ልክ ነው። ግን ዋጋ አለው፣ ይሸጣል፣ ቁልፉን የያዘ ሰው ይቆጣጠረዋል። በማመሳሰል ለመከራከር በቂ በር ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 ቢትኮይን ንብረት ነው ብሎ ወስኗል፣ በ2025 መጨረሻ ደግሞ ራሱን የቻለ ሕግ ወጥቶለታል። እኛን አያስገድደንም፤ ግን ዳኛ ማንበብ ይወዳል።

ሦስተኛው «በስሜ ነው» የሚለው ነው፣ እሱ ከሁሉም ደካማው ክርክር ነው። በክልላችን የሚሠራው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ በፌዴራሉ አዋጅ 213/1992 ይዳኛሉ። በንብረት ጉዳይ መሠረታቸው አንድ ነው፤ ቁጥር የምጠቅሰው ከፌዴራሉ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው እሱን ስለሆነ። አንቀጽ 62፣ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ጥረታቸው ያገኙት ገቢ፣ ከግልም ከጋራም ንብረታቸው የሚገኘው ገቢ ጭምር፣ የጋራ ነው። አንቀጽ 63፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑን እሱ ካላስረዳ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ልብ በዪ፣ የማስረዳት ሸክሙ የሱ ነው። አንቀጽ 90 ደግሞ የጋራው እኩል ይካፈላል ይላል።

ስለ ዕቁቡ አንድ ነገር ልጨምር። «የኔ ብር ነበር» ብለሽ አትከራከሪ፤ ወደማያስፈልግ ክርክር ይወስድሻል። ዕቁቡ በትዳር ውስጥ ከሱቁ የወጣ ነው አይደል? እንግዲያው እሱም የጋራ ነው። የሚጠቅምሽ የጋራ ገንዘብ ወደ ኮይን መግባቱን የሚያሳየው የባንክ ወረቀት ነው። ስቴትመንቱን ዛሬውኑ አውጪ።

ባለሱቋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ስቴትመንቱ ነገ ይወጣል። አሁን የፈራሁት ሌላ ነው። ክሱን ሳቀርብ ቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ቢልከውስ? ወንድሙም ይህንኑ ሥራ ይሠራል።

ቆፍጣናው (ጫጫ)

ምን ያስጨንቅሻል፣ ስልኩን ሲተኛ አንሺና ወደ ራስሽ ዋሌት (የኮይን ማስቀመጫ) ላኪው። ጨረስሽ።

ጠበቃ ዘሸዋ

ወንድሜ፣ እባክህ እንዲህ ያለ ምክር አትስጥ። እህቴ፣ በፍጹም እንዳታደርጊው። የሌላ ሰውን አካውንት ያለፈቃድ መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያስከስሳል። ሚስት መሆን ፈቃድ አይደለም። ባለመብት ሆነሽ ሳለ ተከሳሽ ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። ሳታውቂ በተሳሳተ የኮይን መላኪያ መስመር (ኔትወርክ) ከላክሽው ደግሞ ለሁለታችሁም ሊጠፋ ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ይኸውልሽ። የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያው ትእዛዝ መስጠት እንዳለበት የቤተሰብ ሕጉ ራሱ ይናገራል። ከአቤቱታው ጋር አብረሽ የዕግድ ጥያቄ አስገቢ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 ለዚህ ነው የተሠራው። ኮይኑ የተቀመጠበትን ውጭ አገር ያለ ድርጅት የደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ማዘዝ አይሆንለትም። ባልሽን ግን ያዛል። «እንዳትሸጥ፣ እንዳታስተላልፍ፣ ያለህን በዝርዝር አስመዝግበህ አቅርብ» የሚል ትእዛዝ በሰውየው ላይ ነው የሚወጣው። ከትእዛዙ በኋላ ቢያንቀሳቅሰው የጠፋው በድርሻው ላይ እንዲታሰብ ትጠይቂያለሽ።

ለወንድሙ ከሰጠውም አይዞሽ። በፌዴራሉ አንቀጽ 68 ከ100 ብር በላይ ስጦታ የሁለቱንም ስምምነት ይፈልጋል። አዎ፣ መቶ ብር ነው፤ ቁጥሩ አርጅቷል፣ ሕጉ ግን አለ። ያለስምምነት የተደረገውን ሌላው ተጋቢ ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። በኛ ክልል አዋጅ ያለውን ቁጥር ጠበቃሽ ከፍቶ ያሳይሽ።

ብሎክ በቀል (ሸዋሮቢት)

እኔ ሕግ አላውቅም። ኮይን ግን ሥራዬ ነው፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ልርዳሽ።

ሰው «ክሪፕቶ ይደበቃል» ይላል። ከብር ይልቅ ኮይን ነው ዱካው የሚቀረው። ከዋሌት ወደ ዋሌት የሚደረግ እያንዳንዱ ዝውውር ለዓለም ሁሉ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይኖራል። ማንም አይሰርዘውም። የሚጎድለው ስም ብቻ ነው። ያንን ስም ደግሞ ባንክሽ ይሰጥሻል።

እንዴት መሰለሽ? እኛ አገር ሰው ኮይን ሲገዛ የቆየው በፒቱፒ፣ ሰው ለሰው በሚደረግ ግብይት ነው። ባይናንስ በሚባለው የኮይን መገበያያ ላይ ሻጭ ትመርጫለሽ፣ ብሩን በባንክ ወይም በቴሌብር ለሻጩ ትልኪያለሽ፣ እሱ ዩኤስዲቲውን ይለቅልሻል። ስለዚህ የባልሽ የባንክ ስቴትመንት ላይ ለማይታወቁ ሰዎች፣ ለየአንዳንዳቸው አንዴ ብቻ የተላከ ጠቀም ያለ ብር ካየሽ እሱ ግዢ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ከማይታወቁ ሰዎች የገባ ብር ሽያጭ ሊሆን ይችላል። ቀኑንና መጠኑን ጻፊ። ከዚያ ፍርድ ቤቱ ባልሽ የፒቱፒ ታሪኩን ከራሱ አካውንት አውርዶ እንዲያመጣ ያዘዋል። ማውረድ ቀላል ነው፣ «አይወጣም» ካለ እውነት አይናገርም። የፒቱፒው፣ የገቢውና የወጪው ዝርዝር ለየብቻ ነው የሚወርደው። ሦስቱንም ጠይቂ። አንዱን ብቻ አምጥቶ «ይኸው ባዶ ነው» የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ።

ከአካውንቱ ወደ ግል ዋሌት አውጥቶት ከሆነ የወጪው ዝርዝር ላይ አድራሻው ይታያል። ዩኤስዲቲ ከሚላክባቸው መስመሮች አንዱ የሆነው የትሮን አድራሻ በ«ቲ» ፊደል ይጀምራል፤ የቢትኮይን በ1፣ በ3 ወይም «ቢሲ1» በሚል። ያንን አድራሻ የኮይን ዝውውር መዝገብ በሚያሳይ ድረ ገጽ (ብሎክ ኤክስፕሎረር) ላይ ስታስገቢ ዛሬ ስንት እንዳለበት፣ ወዴት እንደሄደም ታያለሽ። የይለፍ ቃል አያስፈልግሽም፤ ለሁሉም ክፍት ነው። ስክሪንሹት ብቻ አይበቃም፣ ሊንኩንና የዝውውር ቁጥሩን ጭምር ያዢ።

ቤት ውስጥ 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ካየሽ የዋሌቱ ቁልፍ ሊሆን ስለሚችል ያ ወረቀት ራሱ ገንዘቡ ነው። አትንኪው፣ ፎቶም አታንሺው። መኖሩን ለጠበቃሽ ብቻ ንገሪ።

አባወራ (እነዋሪ)

እኔ ከወንዱ ወገን ልጠይቅ፣ ማንም አይቀየመኝ። ቢትኮይን የገዛሁት ሳላገባ ነው። ያኔ ርካሽ ነበር። አሁን ከሚስቴ ጋር ብንለያይ ሳትሠራበት ግማሹን ትወስዳለች?

ጠበቃ ዘሸዋ

ማንም አይቀየምህም፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረህ ንብረት የግልህ ነው፣ አንቀጽ 57። በውርስ ወይም በስጦታ ያገኘኸውም እንዲሁ። ግን አንተ ነህ የምታስረዳው። የገዛህበትን ቀን የሚያሳይ ታሪክ ካለህ በደንብ አስቀምጠው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ለይ። ኮይኑ ሳይነካ ተቀምጦ ዋጋው ብቻ ካደገ፣ በኔ እይታ የግልህ እንደሆነ ይቆያል። በትዳር ውስጥ ሆነህ ስትገዛ ስትሸጥ፣ ትሬድ ስታደርግ ያተረፍከው ግን የግል ጥረት ገቢ ነው፣ ስለዚህ ወደ ጋራው ይገባል። በወለድ መልክ የሚሰጥህ ኮይንም ከግል ንብረት የሚገኝ ገቢ ነው፤ ያም የጋራ። የድሮውን ሸጠህ አዲስ ከገዛህ ደግሞ አዲሱ የግልህ እንዲባልልህ ፍርድ ቤት ማጽደቅ አለበት። ብዙ ወንድ በዚህ ነው የሚወድቀው። ሁሉንም በአንድ ዋሌት ይቀላቅልና በኋላ ራሱም መለየት ያቅተዋል።

አንኮበሬዋ

የኔ ባል አሜሪካ ነው፣ ቨርጂኒያ። ክሪፕቶ እንዳለው ራሱ በስልክ ነግሮኛል፤ አሁን ግን የለኝም ይላል። እኔስ ምን ላድርግ?

ከሜሪላንድ

እህት፣ እዚህ አገር ፍቺ ላይ ሁለቱም ወገኖች ያላቸውን እንዲያሳውቁ ይገደዳሉ፣ መደበቅም ያስቀጣል። አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገርሽ። የአሜሪካ ዓመታዊ የግብር ቅጽ፣ 1040 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዲጂታል ንብረት ተቀብለሃል ወይ፣ ሸጠሃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። «አዎ» ካለ መረጃው እዚያው አለ። ገዝቶ ዝም ብሎ ያስቀመጠ ሰው ግን «አይደለም» ሊል ይችላል፣ ስለዚህ በሱ ብቻ አትመኪ። ቨርጂኒያ ላይ ክፍፍሉ እንደ ካሊፎርኒያ ግማሽ በግማሽ አይደለም፤ ዳኛው ተገቢ ነው ያለውን ያህል ነው የሚወስነው። እዚያ ጠበቃ ያዢ፣ የመጀመሪያ ምክር በነጻ የሚሰጡ አሉ። በስልክ የነገረሽን ቴሌግራም ላይ ጽፎት ከነበረ እንዳይጠፋብሽ።

ባለሱቋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስቴትመንቱን አወጣሁ፤ ብሎክ በቀል እንዳልከው ነው፣ ለማላውቃቸው ሰዎች የተላከ ብር ሞልቶታል። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ባሌ «እሺ፣ ልካፈል፣ ግን በገዛሁበት ዋጋ ነው» ማለት ጀምሯል። ትክክል ነው?

ብሎክ በቀል

በጭራሽ! ይሄ ነው ትልቁ ማጭበርበሪያ። በ2013 በስንት ብር እንደገዛ አስቢው። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. ኅዳር 2021 ወደ 69 ሺህ ዶላር ተጠጋ፣ በዓመቱ ከ16 ሺህ በታች ወረደ፣ ታኅሣሥ 2024 ደግሞ ከ100 ሺህ አለፈ። በየትኛው ቀን ዋጋ እንደሚታሰብ ማለት የገንዘቡ ግማሽ ማለት ነው።

የብሩ ነገርም አለ። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሳይደረግ በፊት ባንክ ውስጥ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ፒቱፒ ላይ ግን ከዚያ በጣም ይበልጥ ነበር። ከዚያ በኋላ የባንኩም ከ100 አለፈ። ያኔም የባንኩና የፒቱፒው አንድ አልነበረም። እሱ ሲገዛም ሲሸጥም በፒቱፒ ዋጋ ነው። ላንቺ ሲያካፍል በባንክ ዋጋ አስልቶ ከሰጠሽ ልዩነቱ ኪሱ ገባ ማለት ነው።

ጠበቃ ዘሸዋ

እውነቱን ነው። እኔ ግን በብር ግመታው ውስጥ ባትገቢ እመርጣለሁ። ሕጉ መጀመሪያ የሚለው ንብረቱ በዓይነት ይካፈል ነው። ለመካፈል የሚያስቸግር ነገር ሲሆን ነው ተሽጦ ዋጋው የሚከፈለው፣ ካልተስማሙም ሐራጅ የሚመጣው። ቤት ያስቸግራል፣ መኪናም ያስቸግራል። አንድ ቢትኮይን ግን እስከ መቶ ሚሊዮን ቦታ ይከፈላል። ከዚህ የበለጠ ለማካፈል የሚመች ንብረት የት ይገኛል? ስለዚህ ጥያቄሽ «ከኮይኑ ቁጥር ግማሹ ይሰጠኝ» ይሁን። ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ሁለታችሁንም እኩል ይነካል፤ የየትኛው ቀን ዋጋ ነው የሚለው ክርክርም ይቀራል።

ይህን ስልሽ አንድ አደጋም አልደብቅሽም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲነሳ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄ አብሮ ሊነሳ ይችላል፣ ያ ደግሞ ለሱም ላንቺም አይመችም። ባልሽም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዕግዱን ካስወጣሽ በኋላ የስምምነት በር ክፍት ይሁን። ሽማግሌዎቹ ያኔ ይጠቅሙሻል። ከዕግዱ በፊት ግን አይሆንም።

የመንዝ ልጅ

ተናግሬ ነበር!

ሳልሳዊት (ደብረ ሲና)

እኔም ልጠይቅ። የኔ ባል የያዘው ኮይን ሳይሆን ዕዳ ነው። ትሬድ አደርጋለሁ ብሎ ከጓደኞቹ ተበድሮ ሁሉንም በላው። አሁን ዕዳውንም እኩል እንካፈል ይላል። ማሾ ሸጬ ያጠራቀምኳትን ብር ላስረክብ ነው?

ጠበቃ ዘሸዋ

አይዞሽ እህቴ። የጋራ የሚሆነው ለትዳሩ ጥቅም የተወሰደ ዕዳ ነው፤ ለቤት ኑሮ፣ ለልጆች፣ ለመሳሰለው። ሳታውቂ ተበድሮ ትሬድ ላይ የጨረሰውን ለትዳሩ ጥቅም ነው ብሎ የሚያስረዳው በምን እንደሆነ ይጠየቅ። ያለስምምነትሽ ከ500 ብር በላይ መበደሩንም አንሺ። ግን ተጠንቀቂ። አበዳሪው በመጀመሪያ የሱን የግል ንብረት ነው የሚይዘው፣ ካልበቃ የጋራችሁን ሊነካ ይችላል። ማሾው በትዳር ውስጥ የተመረተ ከሆነ ደግሞ የጋራ ነው። ስለዚህ አበዳሪዎቹ ሳይቀድሙሽ የድርሻሽን ጥያቄ አቅርቢ። በወራት ሳይሆን በዚህ ሳምንት።

የጠባሴ ተማሪ

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ሃምስተር የሚባለውን የቴሌግራም ጨዋታ ስንነካ ነው የከረምነው፤ መስከረም 2017 የወጣችው ኮይን በሷ ስልክ ነው ያለችው። በስልክ የሚሰበሰበው የፓይ ኮይን ደግሞ በኔ ስልክ አለ። እሱስ ይቆጠራል? ብዙም ዋጋ የለውም እኮ።

ጠበቃ ዘሸዋ

በትዳር ውስጥ በጥረት የተገኘ ነው፣ ስለዚህ ይቆጠራል። ዛሬ ዋጋ የለውም ብላችሁ ከስምምነቱ አታውጡት። ዓይነቱን፣ ቁጥሩን፣ በማን ስልክ እንዳለ ጻፉትና ሁለታችሁም ፈርሙ። ገና ያልተለቀቀ ካለም «ሲለቀቅ እኩል» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ባለሱቋ፣ አንቺም ይህን መስመር እንዳትረሺው። አቤቱታሽ ላይ «ቢትኮይንና ዩኤስዲቲ» ብቻ ብለሽ አትዝጊው፤ «እና በስሙ ወይም በቁጥጥሩ ሥር ያለ ማናቸውም ሌላ ዲጂታል ንብረት» በዪ። ያላወቅሽው ሌላ አካውንት ቢኖረው አዲስ ክስ ሳትከፍቺ በዚሁ መዝገብ ትጠይቂበታለሽ።